ማሳው ይፈተሽ

(በማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። «የድሮ ትዝታ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ አንተ የሚጠቅም ነገር ይዘህ ና» ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ደግሞ ከእርሻ መሣሪያ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ትንሽ ትራክተር የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። አትሳቁ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት መካከል ቢያንስ አምስታችሁ በዚህ ዓመት «ትራክተሬ አልነሳ አለኝ» ብላችሁ ደውላችሁልኛል። አንዱማ የደወለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ስም አልጠራም።

ጥሪው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል፤ ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካላችሁ አሁንም እርሻ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ያ ሁሉ ሣር ታጭዶ የአዲስ አበባን የወተት ላሞች የሚቀልብ ድርቆሽ ይሆናል። ሰበታ ጥቁር አፈሩ ላይ ጤፍና ሽምብራ አለ፤ የአበባ እርሻዎችም አሉ። በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ ስትሄዱ አትክልትና ከብት እርባታ ታገኛላችሁ። በነዚህ ቦታዎች መሬቱ ጠባብ ነው፤ ትልቁ ትራክተር ገብቶ መዞር አይችልም። ስለዚህ ሃያ፣ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሹ ትራክተር ተፈላጊ ሆነ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ በዛ። ገበሬው በብድር ይገዛዋል፣ ጡረተኛው በቁጠባው ይገዛዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ዝም ይለዋል።

ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ከትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የኛው አግሮ መካኒክስ ነበር። የተማርንበት ትራክተር የምታስታውሱት ነው፤ ብረት ነው በቃ። ኤሌክትሪኩ ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ጥቂት መብራት ነው። ሞተሩን የምናጠፋው በገመድ ስበን ነው። የዛሬው ትንሽ ትራክተር ግን ሌላ ነው። ነዳጁን የሚከፍተውና የሚዘጋው ኤሌክትሪክ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ትእዛዙ ከቁልፉ ተነስቶ በፍሪሲዮን ፔዳሉ ስዊች፣ በአንዳንዱ በማርሹ ስዊች፣ በኋላ ማዞሪያው በፒቲኦ ስዊች አልፎ፣ ሪሌውን ቀስቅሶ ነው ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው። በአንዳንዱ መቀመጫው ሥርም ስዊች አለ፤ ሰው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ። ከነዚህ አንዱ ካልተስማማ ሞተር የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ድምፁን ስሙ። ቁልፉ ሲዞር ትራክተሩ ከአራት ነገሮች አንዱን ይላችኋል።

አንደኛ፣ ጭራሽ ዝም ካለ መብራቱን አብሩ። መብራትም ከሌለ ችግሩ ባትሪው ራስ ላይ ወይም ዋናው ፊውዝ ላይ ነው። መብራቱ ደህና ከበራ ግን ባትሪውን ተዉት፤ የጠፋው ትእዛዙ ነው። የሙከራ አምፖል ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ከሞተሪኖው ቀጭን ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ማርሹ ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ሰው ከላይ ተቀምጦ ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልፉን ያዙር። ካልበራ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ስዊቾቹን አንድ በአንድ እዩ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ትእዛዙ ደርሷል፤ ያልደረሰው ጉልበቱ ነው። ወይ ወፍራሙ ገመድ ነው፣ ወይ ማሳው ነው፣ ወይ ራሱ ሞተሪኖው ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ሞተሪኖ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተንጨጨ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ሊነሳ ሲል ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይለቃል፣ ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ እንደገና ይይዛል። ያደረ ባትሪ ስትለኩ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳያችሁ ሙሉ ነው። 12.2 ካሳያችሁ ግማሽ ላይ ነው፤ 12 ከሆነ ባዶ በሉት። ሞተሪኖው ሲያዞር ደግሞ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። አንድ አደራ አለኝ፦ ባትሪ ደከመ ብላችሁ ከጭነት መኪና ባትሪ እንዳትስቡ። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ትራክተሩ 12 ነው። አምፖሉን፣ ሪሌውን፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያውን በአንድ ቅጽበት ታቃጥሉታላችሁ።

አራተኛ፣ ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ ሁለት የኤሌክትሪክ ጥርጣሬ አለ። አንደኛው ነዳጅ የሚከፍተው ሶሌኖይድ ነው፤ በአብዛኛው ቁልፉ ሲከፈት ጠቅ ሲል በእጅ ዳሰሳ ይታወቃል። ሁለተኛው ናፍጣው የሚቃጠልበትን ክፍል የሚያሞቀው ግሎ ፕላግ ነው። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ግሎ ፕላግ ከሞተ እዚያ ጠዋት ሞተር አይነሳም፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። «ጠዋት ጠዋት ያመዋል» የሚባል ትራክተር ካጋጠማችሁ ሽቦውን ነቅላችሁ እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ። ጤነኛው አንድ ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፤ የተቃጠለው ምንም አያገናኝም።

እንግዲህ ወደ ማሳው ልምጣ። ሰበታ እርሻ ያለው አንድ የክፍል ጓደኛችን አለ፤ እዚህ ተቀምጧል፣ እንዳወራ ፈቅዶልኛል። ትራክተሩ «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። አዲስ ባትሪ ገዛ፣ ያው ነው። አዲስ ሞተሪኖ ገዛ፣ ያው ነው። ደወለልኝ። «ችግሩ ማሳው ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ጤፉ እኮ ደህና ነው» አለኝ። (ሳቅ) እሱ ኬሚስትሪ ነው ያጠናው፣ አይፈረድበትም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪዎቻችን ከጣሊያንኛው ወስደው ማሳ የሚሉት የባትሪው ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረትና ከሻሲው ጋር የሚገናኝበትን ነው። ኤሌክትሪኩ በፖዘቲቩ ይሄዳል፤ የሚመለሰው በማሳው ነው። መመለሻው መንገድ ከተዘጋ መሄጃው ቢሰፋ ምንም አይጠቅምም።

በስልክ እንዲህ አልኩት፦ «ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያዝ፤ ልጁ ቁልፉን ያዙር።» በጤነኛ ትራክተር ላይ ይህ ቁጥር ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። እሱ ያነበበው 4 ቮልት ነበር። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ መንገድ ላይ ይቀር ነበር ማለት ነው። ለካ ከወራት በፊት ትራክተሩን ቀለም አስቀብቶት ነበር፤ ቀለም ቀቢው የማሳውን ገመድ ፈትቶ፣ ሥሩን ቀብቶ፣ መልሶ በቀለሙ ላይ አስሮታል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተገው፣ አሰረው፣ ግሪስ ቀባው። ተነሳ። ባትሪውና ሞተሪኖው ግን ተገዝተዋል። ቴስተሩን መጀመሪያ ይዞ ቢሆን ወጪው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

ቡራዩ ላይ ያጋጠመኝ ደግሞ የቻርጅ ነገር ነው። ሰውየው ከብት እርባታ አለው። በየሦስት ቀኑ ባትሪው ይሞትበታል። አልተርኔተሩን ሁለት ጊዜ ለውጦታል፤ ሁለተኛውን ሲለውጥ ጥጃ ሸጦ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪውን ስለካው 12.3 ያሳያል። ቻርጅ ካለ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው መካከል ሊሆን ይገባል። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ከፈትኩትና ዳሽ ቦርዱን አየሁት። የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት አልበራችም። «ይቺ ድሮም አትበራም፤ እንዲያውም ስታበራ ነው ችግር ያለው ብለውኛል» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት፤ ከመነሳቱ በፊት ግን መብራት አለባት። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ የመጀመሪያዋን የማንቂያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች አልተርኔተሩ አይነቃም፤ አዲስ ብታስሩለትም ያው ነው። አምፖሏን ቀየርኩ፣ 14.1 አሳየ። ባንዳንድ ትናንሽ ትራክተሮች ላይ ቋሚ ማግኔት ያለው ዲናሞ ስላለ ይህ ሕግ እዚያ አይሠራም፤ የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ።

ሰውየው ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ተናደደ። «ለአምፖል ነው ጥጃዬን የሸጥኩት?» አለ። ምን እመልስለታለሁ?

ሦስተኛው ፊውዝ ነው፤ ባልቦላ የምትሉት። ፊውዝ ሲቃጠል ተልኮውን ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። በ15 አምፔር ቦታ 30 መሰካት፣ የሲጋራ ወረቀት መጠቅለል፣ ሽቦ ማሰር እሳት መጥራት ነው፤ ያውም ድርቆሽ በተከመረበት መጋዘን ውስጥ! በየጊዜው የሚቃጠል ፊውዝ ካለ ፊውዙን አውጡና በቦታው የመኪና ፍሬቻ አምፖል አገናኙ። ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት ነክቶ ከሆነ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ አምፖሉ ስላለ ሽቦው አይቃጠልም። አሁን ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ሽቦውን አነቃንቁ። አምፖሉ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ነው ጥፋቱ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ሁለት ቦታ ነው፦ ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦውን የሚፈገፍግበትና አይጥ የቆረጠመው። ትራክተር ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ካደረ አይጥ አብሮ ያድራል።

የሱሉልታ ጭቃ ስላለ ማታ ማታ በግፊት ውኃ የሚያጥቡም አሉ። ጎማውንና መከላከያውን እጠቡ፤ ሶኬቶቹና ሪሌዎቹ ላይ ግን አትተኩሱ። ብየዳ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ባትሪውን ፍቱ።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ይህን ለመናገር ብዬ ነው በእውነት ግብዣውን የተቀበልኩት።

ሱሉልታ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ከልጆቻቸው ጋር ተበድረው ትንሽ ትራክተር ገዝተዋል። ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ሣሩ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ መሬት ላይ ተነጥፏል። ሊሰበስቡ ሲሉ ትራክተሩ ዝም አለ። ልጃቸው ደወለልኝ፣ ሄድኩ። ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል። የደረቀ ሣር ዝናብ ከመታው ይሻግታል፤ የዓመት ገቢያቸው መሬት ላይ ነው ያለው።

መብራቱ ይበራል፤ ሞተሪኖው ቀጭን ሽቦ ላይ ግን ትእዛዝ አይደርስም። ተከትዬ ተከትዬ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ስዊች ጋ ደረስኩ። ፔዳሉ ሲረገጥ ስዊቹ አይገናኝም። ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ፒንሳዬን አወጣሁ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ቆርጬ አንድ ላይ ጠመዘዝኳቸው፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። «ዳይሬክት» አደረግኩት ማለት ነው። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። አጨበጨቡልኝ። እናትየው እርጎ አመጡልኝ። «ይህቺ ለዛሬ ብቻ ናት፤ በሳምንቱ መጥቼ በደንብ አስተካክላታለሁ» አልኩ። ሣሩ ተሰበሰበ፤ ዝናቡም መጣ።

በሳምንቱ አልሄድኩም። በሁለተኛውም ሳምንት አልሄድኩም። ትራክተሩ ይሠራል፣ ማንም አልደወለም፣ እኔም ሥራ በዛብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የ19 ዓመቱ ታናሽ ልጃቸው ትራክተሩን ሊያስነሳ ይመጣል። ሳይወጣ፣ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከጎን እጁን ሰዶ ቁልፉን አዞረው። ያ ስዊች ቢኖር ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሪኖው አይነካም ነበር። እኔ ግን አገናኝቼዋለሁ። በዚያ ትራክተር ላይ የማርሹን ዜሮ መሆን የሚያይ ሌላ ስዊች የለውም። ማርሹ ደግሞ ገብቶ ነው ያደረው። ትራክተሩ ተነስቶ ሄደ፤ የኋላው ጎማ በልጁ ቀኝ እግር ላይ ወጣ።

ተረፈ። ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ቆየ። ዛሬ ይራመዳል፤ ግን ያነክሳል፣ ቦቲ ጫማ ማድረግ አይችልም። በመላው ዓለም ትራክተርን መሬት ላይ ቆሞ ማስነሳት ሰው ከሚገድልባቸው የታወቁ መንገዶች አንዱ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ተምሬዋለሁ።

አባትየው ደወሉልኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያቺን ሽቦ መጥተህ ንቀልልን» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሄድኩ። ናስትሮውን ፈታሁ። ስዊቹን ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። ምን ሆኖ ኖሯል? ስዊቹን የሚይዘው ሳህን ዳዶው ላልቶ ወደ ታች ወርዷል፤ ፔዳሉ ስዊቹን መንካት አቅቶታል። ሳህኑን ወደ ቦታው መልሼ በ10 ቁጥር ቁልፍ አጠበቅኩት፣ የቆረጥኩትንም ሽቦ ቀጠልኩ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ሁሉም ስድስት ደቂቃ ፈጀ። በዚያ ቀን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ስድስት ደቂቃ ነበረኝ። አንድ እርምጃ ቀጥዬ ስዊቹ ለምን እንዳልተገናኘ ብጠይቅ ኖሮ ሣሩም ይሰበሰብ ነበር፣ የልጁም እግር ደህና ይሆን ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህን የማወራው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። «ዳይሬክት አድርገው» የሚለው ቃል በየጋራዡ አለ። ቃሉን የሚናገሩት ያልተማሩ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ የሰቀልን ሰዎችም እንናገረዋለን። ለመፈተሽ ለአንድ ደቂቃ ማገናኘት ያለ ነው፤ ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ሰው ከፊትና ከኋላ ርቆ። ችግሩ አገናኝቶ ጥሎ መሄድ ነው። የሚሠራ ነገር ማንም አይጠግንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ትራክተር ያላችሁ ነገ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ግን ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ፣ ሰው አርቃችሁ ቁልፉን አዙሩ። የፍሪሲዮን ስዊች ያለው ትራክተር ሞተሪኖው ከዞረ አንድ ሰው፣ ምናልባትም የኔ ቢጤ፣ ከእናንተ በፊት እዚያ ደርሷል። ሁለተኛ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ቴስተር ከአንድ ሞተሪኖ በብዙ ይረክሳል። ሦስተኛው ለማኅበራችን ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በየጋራዡ ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሙከራ የሚያደርጉት በካቻቢቴ ብልጭታ ነው። እያንዳንዳችን አንድ ቴስተርና በዓመት አንድ ቅዳሜ ብንሰጥ ምን ይመስላችኋል? ሥራ አመራሩ ከሻይ በኋላ ስም መመዝገቢያ ወረቀት በር ላይ እንዲያስቀምጥ ጠይቄአለሁ። የመጀመሪያውን ስም እኔ ጽፌአለሁ።

ያ የሱሉልታ ልጅ ዛሬ ትራክተሩን የሚነዳው ራሱ ነው። ባለፈው ጥቅምት ለድርቆሹ ሄጄ ነበር። ረስቼው ቁልፉን ከታች ቆሜ ልዘረጋ ስል እጄን ያዘኝና «ጋሼ፣ ውጣና ተቀመጥ» አለኝ። ወጥቼ ተቀመጥኩ።